ምት ሲዛባ፣ ልብ ሲደክም

የሰው ልብ በመጠኑ ከባለቤቱ ጭብጥ ብዙም የማይበልጥ፣ ከጡንቻ የተሠራ የአካል ክፍል ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ጤናማ ጎልማሳ ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምትም 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ይረጫል። ሁለቱን ቁጥሮች ብናባዛ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር፣ በቀን ደግሞ ወደ 7,000 ሊትር እናገኛለን። በአንድ ቀን ውስጥ የሚደረገው የምት ብዛትም ከ100,000 ያልፋል።

ይህን ሁሉ ሥራ ለማከናወን ልብ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው መቼ መምታት እንዳለበት የሚነግረው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ትእዛዙን የሚፈጽም ብርቱ ጡንቻ ነው። የመጀመሪያው ሲበላሽ የልብ ምት መዛባት፣ ሁለተኛው ሲዳከም ደግሞ የልብ ድካም ይከሰታል። በተለምዶ «የልብ ድካም» የሚለው ስም ለማንኛውም ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲሰጥ ይሰማል። በሕክምናው ትርጉም ግን የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም፤ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ያህል ደም ማድረስ ተሳነው፣ ወይም የሚያደርሰው በውስጡ ያለው ግፊት ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ነው ማለት ነው። ሁለቱ ሕመሞች በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በተለያዩ ምዕራፎች ቢቀመጡም፣ በታማሚው ደረት ውስጥ ግን አንዱ ሌላውን ሲወልድ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ዝምድና፣ የሚታወቁበትን መንገድና የሚታከሙበትን ዘዴ እንመለከታለን።

ትእዛዙ ከየት ይመነጫል?

ልብ አራት ክፍሎች አሉት። ኤትሪየም የሚባሉት ሁለቱ ላይኛ ክፍሎች ደም ይቀበላሉ፤ ቬንትሪክል የሚባሉት ሁለቱ ታችኛ ክፍሎች ደግሞ ደሙን ወደ ሳንባና ወደ መላ ሰውነት ይረጫሉ። የምቱ ትእዛዝ የሚመነጨው በቀኙ ላይኛ ክፍል ግድግዳ ውስጥ ከሚገኝ አነስተኛ የሕዋሳት ስብስብ ነው። ይህንን የምት መነሻ እ.ኤ.አ. በ1907 ለይተው የገለጹት ብሪታኒያውያኑ አርተር ኪዝና ማርቲን ፍላክ ነበሩ። ከእነርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጃፓናዊው ሱናኦ ታዋራ፣ በጀርመን አገር ሲያጠና፣ በላይኛና በታችኛ ክፍሎች መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መተላለፊያ ገልጾ ነበር።

ይህ መተላለፊያ ትእዛዙን እንደ ደረሰው አያሳልፍም፤ በመጠኑ ያዘገየዋል። መዘግየቱም ጥቅም አለው። ላይኛዎቹ ክፍሎች ደማቸውን አራግፈው እስኪጨርሱ ድረስ ታችኛዎቹ እንዲጠብቁ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ትእዛዙ እንደ ዛፍ ሥር በተዘረጉ ልዩ ክሮች አማካይነት በታችኛ ክፍሎች ውስጥ በፍጥነት ስለሚሠራጭ ጡንቻው በአንድነት ይኮማተራል።

እንግዲህ የምት መዛባት በሦስት ዋና ዋና መንገዶች ይከሰታል ማለት ይቻላል። ትእዛዝ አመንጪው ሊዳከም፣ መተላለፊያው ሊዘጋ፣ ወይም ሌላ የልብ ክፍል ያለ ተራው ትእዛዝ ሊያመነጭ አሊያም ትእዛዙን በክብ መንገድ ሊያዞር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምክንያቶች ልብ ሲዘገይ፣ በሦስተኛው ይፈጥናል ወይም ሥርዓት ያጣል።

ምቱን በወረቀት ላይ ማንበብ

የልብን ኤሌክትሪክ ከሰውነት ውጭ መለካት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1887 በለንደን ያሳየው አውግስጦስ ዎለር ነው። መለኪያውን ለሐኪም ወደሚጠቅም ትክክለኛ መሣሪያ የለወጠው ግን ሆላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን ሲሆን፣ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ዛሬ ኤሌክትሮካርዲዮግራም ወይም በአጭሩ ኢ.ሲ.ጂ. የምንለው ምርመራ መሠረቱ ይኸው ነው።

አንባቢያን የኢ.ሲ.ጂ. ወረቀት ቢያጋጥማቸው የምቱን ፍጥነት በቀላሉ ሊያሰሉ ይችላሉ። ወረቀቱ በተለመደው አሠራር በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ፣ ባለ 5 ሚሊ ሜትሩ ትልቅ ካሬ 0.2 ሰከንድ ይወክላል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ 300 ትልልቅ ካሬዎች ያልፋሉ ማለት ነው። ስለዚህ በሁለት ተከታታይ ረጃጅም ጫፎች መካከል 4 ትልልቅ ካሬዎች ካሉ፣ 300 ለ4 ሲካፈል በደቂቃ 75 ምት ይሆናል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ምቱ እኩል ርቀት ጠብቆ ሲሄድ ብቻ ነው።

ርቀቱ ያለ ምንም ሥርዓት ሲለዋወጥና ከረጅሙ ጫፍ በፊት የሚታየው ትንሽ ጉብታ ሲጠፋ፣ ሐኪሙ ኤትሪያል ፋይብሪሌሽን የሚባለውን ሕመም ይጠረጥራል። በዚህ ሕመም ላይኛዎቹ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 እስከ 600 በሚደርስ የተበታተነ ትእዛዝ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ በወጉ አይኮማተሩም። መተላለፊያው አብዛኛውን ትእዛዝ አግዶ ጥቂቱን ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ የታማሚው የእጅ ትርታ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ይላል።

አንዳንድ የምት መዛባት መጥቶ የሚሄድ በመሆኑ፣ በምርመራው ሰዓት የተወሰደ ወረቀት ጤናማ ሊመስል ይችላል። ለዚህም ሲባል ታማሚው ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይዞት የሚንቀሳቀሰው ሆልተር የተባለ መመዝገቢያ ያገለግላል።

ፍጥነት ለምን ይጎዳል?

ልብ በፈጠነ ቁጥር ብዙ ደም የሚረጭ ይመስላል። እስከ ተወሰነ ደረጃ ድረስ ይህ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በደቂቃ 75 ጊዜ በሚመታ ልብ አንድ ምት 0.8 ሰከንድ ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 0.3 ሰከንድ ያህሉ የመኮማተሪያ፣ 0.5 ሰከንድ ያህሉ ደግሞ በደም የመሙያ ጊዜ ነው። ፍጥነቱ 150 ሲደርስ አንድ ምት 0.4 ሰከንድ ብቻ ይሆናል። የመኮማተሪያው ጊዜ የሚያጥረው በመጠኑ ስለሆነ፣ ዋናውን ጉዳት የሚቀበለው የመሙያው ጊዜ ነው፤ ወደ 0.2 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። በደንብ ያልተሞላ ልብ ደግሞ በደንብ ሊረጭ አይችልም።

በኤትሪያል ፋይብሪሌሽን ላይ የላይኛዎቹ ክፍሎች ግፊት ስለሚጠፋ፣ በተለመደው ጊዜ ከሙሊቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚያዋጣው የመጨረሻ እገዛ ይቀራል። ይህ ፍጥነት ለሳምንታትና ለወራት ከቀጠለ ጤናማ የነበረ ጡንቻ እንኳ ሊዳከም ይችላል፤ ፍጥነቱ ሲገታ ብዙውን ጊዜ ያገግማል። በአንጻሩ በሌላ ምክንያት የደከመ ልብ ክፍሎቹ ይለጠጣሉ፣ በጡንቻው ውስጥም ጠባሳ ይፈጠራል፤ የተለጠጠና የጠባሰ ጡንቻ ደግሞ ለምት መዛባት የተመቻቸ ነው። አንዱ ሌላውን ይወልዳል ያልነው ይህንን ነው።

ኩላሊት ሲታለል

የልብ ድካም የሚታወቅባቸው ምልክቶች በአብዛኛው ልብ ራሱ ላይ አይታዩም። ታማሚው ዳገት ሲወጣ፣ በኋላም በሜዳ ሲሄድ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጋደም ሲል ስለሚብስበት ትራስ ደራርቦ መተኛት ይጀምራል፤ እግሩ ያብጣል፤ ይደክመዋል። እብጠቱ የሚመጣው ከየት ነው? ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲቀንስ ኩላሊት ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ አይችልም። ሰውየው ደም እንደ ፈሰሰው ወይም ውሃ እንደ ጠማው ቆጥሮ ጨውና ውሃ ይቆጥባል፤ የደም ሥሮችን የሚያጠቡ ሆርሞኖችም እንዲበዙ ያደርጋል። ለቆሰለ ሰው ሕይወት አድን የሆነው ይህ ሥርዓት ለደከመ ልብ ተጨማሪ ሸክም ይሆንበታል። ልብ የባሰ ሲደክም ኩላሊት የባሰ ይቆጥባል።

ሐኪሙ ጥርጣሬውን የሚያረጋግጠው በዋነኛነት በልብ አልትራሳውንድ ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ በኢንገ ኤድለርና በሄልሙት ሄርትስ ትብብር ተጀመረ። በድምፅ ሞገድ አማካይነት የልብ ግድግዳና ቫልቭ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ድርሻም ይሰላል። ግራው ታችኛ ክፍል 120 ሚሊ ሊትር ሞልቶ 70 ሚሊ ሊትር ቢረጭ፣ ድርሻው 58 በመቶ ያህል ነው፤ ይህም ጤናማ ነው። 40 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን የመርጨት አቅሙ የቀነሰ የልብ ድካም ይባላል። ሆኖም ድርሻው ከ50 በመቶ በላይ ሆኖ ጡንቻው ስለደደረ በቀላሉ የማይሞላ ልብም አለ፤ እርሱም የልብ ድካም ነው።

ከዲጂታሊስ እስከ አራቱ ምሰሶዎች

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 ዲጂታሊስ የተባለው ተክል ቅጠል ውሃ የቋጠረ ሰውነትን እንደሚያጎድል በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚህ ዝርያ የተገኘው ዲጎክሲን ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ግን ጠባብ ነው። ፉሮሴማይድን የመሳሰሉ ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶችም ትንፋሽን ያቀሉታል።

ዕድሜን ለማራዘም ግን ከላይ የተገለጸውን የሆርሞን ዑደት መስበር አስፈላጊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ በሆነ አንድ የስካንዲኔቪያ ጥናት፣ ሕመማቸው እጅግ የጠና 253 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ሲታዩ፣ በስድስት ወር ውስጥ ኢናላፕሪል ከወሰዱት 26 በመቶ፣ ካልወሰዱት 44 በመቶ ሞተዋል። ቀጥሎም ለደከመ ልብ አደገኛ ናቸው ተብለው ይከለከሉ የነበሩት ቤታ ብሎከሮች፣ በጥቂት መጠን ተጀምረው ቀስ በቀስ ሲጨመሩ ሞትን እንደሚቀንሱ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተረጋገጠ። ስፓይሮኖላክቶን ሦስተኛው ሆነ። አራተኛዎቹ ለስኳር በሽታ ተሠርተው ከ2019 ጀምሮ ለልብ ድካምም ጠቃሚነታቸው የታወቀው እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። የመርጨት አቅሙ ለቀነሰ ልብ እነዚህ አራቱ በአንድነት የዛሬው ሕክምና ምሰሶዎች ናቸው።

ምትን ማስተካከል

የዘገየን ምት የሚያስተካክለው ፔስሜከር በሰው አካል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1958 በስቶክሆልም ነው። ታማሚው አርነ ላርሰን በሕይወቱ 26 ፔስሜከሮችን ለውጦ በ86 ዓመቱ በ2001 አረፈ፤ የሞተውም በልብ ሕመም አልነበረም። ለሞት የሚያደርስ የታችኛ ክፍሎች ፍጥነት ሲነሳ ራሱ ለይቶ በኤሌክትሪክ የሚያቆመው ዲፊብሪሌተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በባልቲሞር ተተከለ። ዛሬ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ወደ ልብ አስገብቶ ትእዛዝ የሚያዛባውን ቦታ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ማምከንም ይቻላል።

በመድኃኒት ረገድ ግን አንድ መራራ ትምህርት አለ። ከድንገተኛ የልብ ሕመም የተረፉ ሰዎች ያለ ተራው የሚመጣ ምት ከበዛባቸው ለሞት እንደሚጋለጡ ስለታወቀ፣ ይህን ምት የሚያጠፋ መድኃኒት ሞትን ይቀንሳል ተብሎ በሰፊው ይታዘዝ ነበር። አስተሳሰቡ በአሜሪካ በጥናት ሲፈተን፣ በ1991 የወጣው ውጤት መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 743 ደግሞ 26 መሞታቸውን አሳየ። ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር አማረ፤ ሰዎቹ ግን በብዛት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕክምና የሚመዘነው መስመሩን በማሳመሩ ሳይሆን ታማሚውን በመጥቀሙ ሆነ።

ከጉሮሮ የሚጀምር የልብ በሽታ

በበለጸጉ አገሮች የልብ ድካምም ሆነ ኤትሪያል ፋይብሪሌሽን በአብዛኛው የአረጋውያን ሕመም ነው። በኢትዮጵያና መሰል አገሮች ግን ወጣቶችን የሚያጠቃበት ምክንያት አለ፤ እርሱም ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ነገሩ የሚጀምረው በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ጉሮሮ ላይ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ካሳመመ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሳው የሰውነት መከላከያ የልብን ቫልቭ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሊያጠቃ ይችላል። ጥቃቱ ሲደጋገም በግራው ላይኛና ታችኛ ክፍል መካከል ያለው ቫልቭ ይጠባል።

አሁን ከላይ ያየነውን የመሙያ ጊዜ እናስታውስ። በጠበበ በር ለማለፍ ደም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ኤትሪያል ፋይብሪሌሽን ሲጀምር ጊዜው ያጥራል፤ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ታማሚው በሰዓታት ውስጥ ትንፋሽ ሊያጣ ይችላል። በእርግዝና ወቅት የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር፣ ሕመሙ ሳይታወቅባት የኖረች ወጣት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትታመመው ያኔ ሊሆን ይችላል። በተለጠጠው ላይኛ ክፍል ውስጥ የቆመ ደም ይረጋል፤ ተቆርሶ ወደ አንጎል ሲሄድም ስትሮክ ያስከትላል። ለዚህ መከላከያው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ከ4,500 በላይ ሕሙማንን ያካተተና በ2022 የታተመ ጥናት፣ ሩማቲክ የልብ በሽታ ላለባቸው የዚህ ምት መዛባት ታማሚዎች ነባሮቹ የዋርፋሪን ዓይነት መድኃኒቶች ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ ሕይወት እንደሚያተርፉ አሳይቷል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን ደሙን በየጊዜው ማስለካት ግዴታው ነው።

የተበላሸ ቫልቭ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል ወይም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ከቀዶ ሕክምናው እጅግ የሚረክሰው ሕክምና ገና በጉሮሮ ላይ እያለ የሚሰጠው ነው። በዚህ ባክቴሪያ የታመመ ልጅ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ ፔኒሲሊን ካገኘ ሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል። አንድ ጊዜ የታመመ ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት በመውሰድ ልቡን ከተደጋጋሚ ጥቃት ሊጠብቅ ይችላል።

ለማጠቃለል፣ የልብ ትእዛዝና የልብ ጡንቻ የማይነጣጠሉ በመሆናቸው የአንዱ ሕመም ያለ ሌላው ምርመራ በሙሉ አይታወቅም። ትርታው ሥርዓት ያጣ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ወይም ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ሊቀርብ ይገባዋል። የጉሮሮ ሕመምና ትኩሳት ያለበት፣ በኋላም መገጣጠሚያው እያበጠ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞርበት ልጅ በቤታችን ወይም በትምህርት ቤታችን ስናይ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ብለን አንተወው። ጉሮሮው በእርግጥ ያልፍለት ይሆናል፤ በልቡ ቫልቭ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አያልፍም።