የአፍ ቁስል አልድን ሲል

እማማ መጀመሪያ ሲመጡ አፋቸው ቆስሎ ነበር። "ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ስጠጣ ከረምኩ" አሉኝ። እኔም ፈንገስ መስሎኝ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋቸው። በወሩ ሲመለሱ ጀርባቸው ውሃ ቋጥሯል፤ ነካ ሲያደርጉት ይላጣል። ደነገጥኩ።

የቆዳና የአፍ ሴሎች የሚያያዙት ዴስሞዞም በሚባሉ ማያያዣዎች ነው፤ የልብስ ቁልፍ በሏቸው። ፔምፊገስ ቩልጋሪስ ሲይዘን የራሳችን የሰውነት መከላከያ ዴስሞግሊን የተባለውን የቁልፉን ፕሮቲን ያጠቃል። ሴሎቹ ይላቀቃሉ፣ መሃላቸው ውሃ ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአፍ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ካልታከመ ግን ይገድላል።

3 ሳምንት ያለፈው የአፍ ቁስል ካለባችሁ ሐኪም ይያችሁ። ፕሬድኒሶሎን የጀመራችሁ ደግሞ ቁስሉ ደረቀ ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

እማማን የቆዳ ሐኪም ጋ ላክኋቸው፤ በናሙና ተረጋገጠ። አሁን እንጀራ መብላት ጀምረዋል፤ በርበሬው ይቆይ ብያለሁ።