እንቅርት ሁሉ በቢላዋ አይወጣም

እንቅርት ምንድን ነው? በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ ያለ ዕጢ አለ። ታይሮይድ ይባላል። ሥራውን ለመሥራት አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋል። በደጋ አገር ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ አፈር የሚበቅለው እህልም ጎመንም አዮዲን ያንሰዋል። ዕጢው ያገኛትን ጥቂት አዮዲን ለመያዝ ሲታገል ያብጣል። አንዳንዴም ውስጡ እንደ ባቄላ፣ ሲከፋም እንደ እንቁላል ያሉ እብጠቶች ይፈጠሩበታል።

ፊደል ያስቆጠርናቸው እናቶች አንገታቸውን የተነቀሱት ለጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ነግረውናል፤ እንቅርት ይከላከላል ተብሎም ነው። ንቅሳቱ ያምራል፤ ይህን አንክድም። ግን እኮ ቀለሙ ከቆዳ አያልፍም፣ ዕጢው ያለው ከቆዳ በታች ነው። በምላጭ መብጣትና በጋለ ብረት መተኮስማ የባሰ ነው። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የማይሄደው «አንገቴን ያርዱኛል» ብሎ ፈርቶ ነው። ሐኪሙ ግን ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት ደም ይመረምራል፣ እብጠቱን በአልትራሳውንድ ያያል፣ ካስፈለገም በቀጭን መርፌ ጥቂት ቀድቶ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ያጣራል። ካንሰር ካልሆነና ካላስቸገረ ብዙ ጊዜ እየተከታተሉ መተው ይበቃል።

ቢያስቸግርስ? ውሃ የቋጠረ ከሆነ በመርፌ ይቀዳል፤ ተመልሶ ከሞላ አልኮል ይወጋበትና ይሟሽሻል። ጠጣር ከሆነ ደግሞ የደቡብ ኮሪያ ሐኪሞች በ1998 ዓ.ም. ውጤቱን ያሳወቁት ዘዴ አለ። አንገቱን ብቻ ያደነዝዛሉ። በአልትራሳውንድ እያዩ ቀጭን መርፌ እብጠቱ ውስጥ ያስገባሉ። በመርፌው ጫፍ በኩል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ኃይል እብጠቱን ከውስጥ ያበስለዋል። የበሰለውን ሰውነት ቀስ እያለ ይመጥጠዋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ እብጠቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ ያኑ ዕለት ቤቱ ይገባል። ጤነኛው ዕጢም ሥራውን ይቀጥላል። ዕጢው በሙሉ በቢላዋ ከወጣ ግን ዕድሜ ልክ በየቀኑ ኪኒን መዋጥ ይመጣል፤ መድኃኒት ቤት ለራቀው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉዳት የለውም አንልም። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አጠገቡ ነው፤ ሙቀቱ ከነካው ድምፅ ይሰልላል። የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፣ በየጤና ጣቢያውም አይገኝም። በጣም አድጎ ትንፋሽ ለሚያግድ እንቅርት ቀዶ ሕክምናው ይሻላል። በፍጥነት ያደገ፣ የጠነከረ ወይም ድምፅ የዘጋ እብጠት ቀን ሳይቆጠር ሐኪም ይየው።

ጨውስ? በአገራችን የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለው ጨው የቆየ፣ የጓጎለ እንቅርት አያጠፋም፤ ልጆቻችንን ግን እንዳይዛቸው ይከላከላል። ፀሐይና እርጥበት እንዳያገኘው ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።