የፍተሻ ኬላው ደንብ ለምን ይለያያል?

በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የተነሡ አንድ እናት፣ በእጅ ሻንጣቸው ማርና ንጥር ቅቤ ይዘው በአውሮፕላን ማረፊያ ወደሚገኘው የፍተሻ ኬላ ይቀርባሉ እንበል። ፈታሹ ማሩንም ቅቤውንም አውጥቶ ያስቀርባቸዋል። እኚህ እናት «ማር ይበላል እንጂ ማንን ይጎዳል?» ቢሉ አያስደንቅም። ከኋላቸው ያለው መንገደኛ ግን ስድስት ትንንሽ የሽቶ ጠርሙሶች በአንድ ከረጢት ይዞ ያልፋል። ይህን የተመለከተ ሰው ደንቡ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስለዋል። ለመሆኑ ይህ ደንብ ከየት መጣ? ስለምንስ ከቦታ ቦታ ይለያያል?

የመጀመሪያው ምክንያት ታሪካዊ ነው። የፍተሻ ደንብ በአንድ ጊዜ ተጠንቶ የተጻፈ ሕግ ሳይሆን፣ አደጋ በተቃጣ ቁጥር እየተጨመረ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የአውሮፕላን ጠለፋ እየበዛ በመሄዱ፣ አሜሪካ በ1973 መንገደኞችን ሁሉና የእጅ ሻንጣቸውን መፈተሽ ጀመረች። በ2001 ከፓሪስ ወደ ማያሚ ይበር በነበረ አውሮፕላን ውስጥ አንድ ሰው በጫማው የሸሸገውን ፈንጂ ሊያቀጣጥል ሲሞክር ተያዘ። በ2006 ደግሞ ከብሪታንያ በሚነሡ አውሮፕላኖች ላይ፣ በመጠጥ ጠርሙስ የተደበቀ ፈሳሽ ፈንጂ ለማፈንዳት የታቀደ ሤራ ተደረሰበት። ጫማ የማውለቅና ፈሳሽ የመለካት ደንቦች የእነዚህ ሙከራዎች ውጤቶች ናቸው።

የፈሳሹ ደንብ እያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊሊትር በላይ እንዳይዝ፣ ዕቃዎቹም ሁሉ አንድ ሊትር በሚይዝ፣ ውስጡን በሚያሳይ ከረጢት እንዲገቡ ያዛል። የሚለካውም የዕቃው መጠን እንጂ በውስጡ የቀረው ፈሳሽ አይደለም። ስለዚህ 200 ሚሊሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ሩቡ ብቻ ቢቀረውም አያልፍም። ነገሩ ሞኝነት ይመስላል። ይሁን እንጂ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሚያልፍበት ኬላ ፈታሹ የእያንዳንዱን ጠርሙስ ይዘት ሊሰፍር አይችልም፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ግን ይችላል። የሚፈስም ሆነ የሚቀባ ነገር ከፈሳሽ ስለሚቆጠር፣ ማሩና ቅቤውም የተያዙት በዚሁ ደንብ ነው። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ከ350 ሚሊሊትር በላይ ዱቄት በእጅ ሻንጣ የያዘ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ሊደረግበት ይችላል፤ በርበሬና ሽሮም ከዚህ ነጻ አይደሉም።

ሁለተኛው ምክንያት የመንግሥታት ሥልጣን ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት በ1974 ስለ ጸጥታ ጥበቃ ያወጣው ዐሥራ ሰባተኛ አባሪ፣ አባል አገሮች ሊያሟሉት የሚገባቸውን ዝቅተኛ ደረጃ ይወስናል። ዝርዝሩን የሚያወጣው ግን እያንዳንዱ መንግሥት ነው። ለምሳሌ የመቀስ ስለት በአሜሪካ ከመጋጠሚያው ሲለካ ከ10 ሴንቲሜትር ገደማ ማነስ አለበት፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ከ6 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም። በመሆኑም በዋሺንግተን ያለፈ ባለ 8 ሴንቲሜትር መቀስ በፍራንክፈርት ሊያዝ ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት የመሣሪያና የአሠራር ልዩነት ነው። አዲሶቹ የምርመራ መሣሪያዎች የሻንጣውን ውስጥ ከየአቅጣጫው ስለሚያሳዩ፣ መሣሪያዎቹ የተተከሉባቸው አንዳንድ ማረፊያዎች የፈሳሹን ልክ አላልተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ግን በ2024 የ100 ሚሊሊትሩ ልክ በእነዚህ መሣሪያዎችም ለጊዜው እንዲመለስ አዘዘ፤ በ2025 ደግሞ ለአንዳንዶቹ እንደገና ፈቀደ። ከዚህም ሌላ መንገደኞች ያለ አንዳች ጥርጣሬ፣ እንደ ዕጣ ተመርጠው የሚፈተሹበት ጊዜ አለ። ይህ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ሥርዓቱን አስቀድሞ ያጠና ክፉ አሳቢ መሹለኪያ እንዳያገኝ ያግዳል።

ተቃራኒ መስሎ የሚታይ ነገርም ሲመረመር አንድ ዓላማ ይኖረዋል። ረጅም መቀስ ወደ ጭነት ክፍል ሲላክ፣ ስልክ ለመሙላት የሚያዝ የሊቲየም ባትሪ ግን ወደዚያ እንዳይገባ ይከለከላል። መቀሱ የሚያሰጋው በሰው እጅ ሲገባ ነው። ባትሪው ግን በእሳት ቢያያዝ በመንገደኞች መካከል ቶሎ ታይቶ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ከሰው ዓይን መራቅ የለበትም።

ይህ ሁሉ ሲባል ደንቡ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። አሜሪካ ከ2006 ጀምሮ መንገደኞችን በጠቅላላው ጫማ ስታስወልቅ፣ ብዙ የአውሮፓ ማረፊያዎች ይህን ሳያደርጉ ኖረዋል። እርሷም ግዴታውን ያነሣችው በ2025 ነው። ደንብን ከማውጣት ይልቅ ማንሣት ይከብዳል፤ ያነሣው ባለሥልጣን ነገ አደጋ ቢደርስ ተጠያቂ ይሆናልና። ከሁሉ የሚከፋው ግን ምክንያትን አለመንገር ነው። ማራቸውን ያጡት እናት «ክልክል ነው» ብቻ ከሚባሉ፣ «የሚፈስ ነገር በጭነት ሻንጣ ቢያስገቡት ያልፍ ነበር» ቢባሉ ቁጭታቸው ይቀላል፤ በሚቀጥለው ጉዟቸውም ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ምክንያቱ የታወቀ ደንብ በፈቃድ ይጠበቃል፤ ምክንያቱ የተሰወረ ደንብ ግን የሚጠበቀው ፈታሹ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

መልመጃ

1. በምንባቡ የተዘረዘሩትን ሦስት ምክንያቶች በራሳችሁ አባባል ጻፉ።
2. «ይሁን እንጂ»፣ «በመሆኑም»፣ «ከዚህም ሌላ» የሚሉት ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ምን ዓይነት አሳቦችን አያይዘዋል?
3. በትምህርት ቤታችሁ ምክንያቱ ግልጽ ያልሆነላችሁን አንድ ደንብ መርጣችሁ፣ የወጣበትን ምክንያት ጠይቃችሁ በመረዳት በሁለት አንቀጽ አብራሩ።