መርዝ በዐዋቂ እጅ መድኃኒት ሲሆን

ነጩ አርሴኒክ ከምድር ማዕድን የሚገኝ፥ ሽታም ጣዕምም የሌለው ብርቱ መርዝ ነው። ክፉ ሰዎች ባልንጀራቸውን በስውር ለመግደል ለብዙ ዘመን ተጠቅመውበታል። ዛሬ ግን ይኸው መርዝ አኪዩት ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ ከሚባለው የደም ካንሰር ብዙ ሰዎችን ያድናል። እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ ለየቤተ ሰቡ ይጠቅማልና ጥቂት እንናገራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። በዚህ በሽታ 15ኛውና 17ኛው ክሮሞሶም ቍራጭ ይለዋወጡና እንግዳ ፕሮቲን ይፈጠራል፤ ይህም ነጭ የደም ሕዋሳት እንዳይጐለምሱ ይከለክላል። ደሙም በሚገባ መርጋት ስለሚሳነው በሽተኛው ከድዱና ከአፍንጫው ይደማል፤ ገላው ሳይመታ ይበልዛል። የኖርዌዩ ሐኪም ሂሌስታድ በ1957 በሽታውን ለይቶ ሲገልጥ፥ በሽተኞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቁ ነበር።

በ1970ዎቹ ዓመታት በቻይና በሐርቢን ከተማ ሐኪሙ ዣንግ ቲንግዶንግና ባልደረቦቹ አንድ የገጠር ባህላዊ መድኃኒት መረመሩ። መድኃኒቱ አርሴኒክ፥ የሜርኩሪ ውሑድና የጕርጥ መርዝ የተቀላቀለበት ነበር። እነርሱም እንዳለ አልተቀበሉትም፥ እንዳለም አልናቁትም፤ እያንዳንዱን ለይተው ፈተኑና የሚፈውሰው አርሴኒኩ መሆኑን ደረሱበት። በ1980ዎቹም በሻንግሃይ ዋንግ ዠንዪ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ ሌላ መድኃኒት ለዚሁ በሽታ ሰጠ። ሁለቱ መድኃኒቶች እንግዳውን ፕሮቲን ከሁለት ወገን ይዘው ያፈርሱታል።

የአሜሪካ መንግሥት አርሴኒኩን በ2000 ፈቀደ። በ2013 የኢጣሊያና የጀርመን ሐኪሞች በሽታቸው እጅግ ባልበረታ 162 ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ታተመ። ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድነት ከወሰዱት መካከል፥ ሕክምናው ሳይከሽፍ በሽታውም ሳያገረሽ ሁለት ዓመት በሕይወት የቈዩት ከመቶ 97 ሲሆኑ፥ የቀድሞውን ሕክምና የወሰዱት ግን ከመቶ 86 ነበሩ።

ነገር ግን ማንም በዚህ አይሳሳት። መድኃኒቱ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.15 ሚሊግራም ያህል ተመጥኖ በደም ሥር ይሰጣል፤ የልብ ምትና የደም ጨው ዘወትር ይመረመራሉ፤ ትኵሳትና የትንፋሽ ማጠር ሲመጣም ሐኪሙ ፈጥኖ ይደርሳል። በቤት ተበጥብጦ የሚጠጣ አርሴኒክ ግን ያው ገዳይ ነው።

መድኃኒት እያለ ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚገድለው በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚፈስሰው ደም ነው። ስለዚህ ያለ ምክንያት የሚደማ ወይም የሚበልዝ ሰው በቤታችሁ ቢኖር፥ ነገ ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጸሎቱም ጠበሉም አይቅርበት፤ ሲራክ እንዳስተማረን ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና፥ ወደ ሐኪም መሄድ እምነትን ማጕደል አይደለም።