ማዳም «ሎዝ» ስትል ኦቾሎኒ ማለቷ አይደለም

እህቶች፣ ማዳም «ሎዝ አምጪ» ስትላችሁ እጃችሁ ወደ ኦቾሎኒው ሊሄድ ይችላል፤ እኛ ለውዝ የምንለው ኦቾሎኒን ነውና። በአረብኛ ግን ሎዝ አልሞንድ ነው፤ ኦቾሎኒ «ፉል ሱዳኒ» ይባላል። አለርጂ ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ይህ ስህተት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ በስኳርና በቅመም የተቆላ አልሞንድ ከመሥራታችሁ በፊት «ፊ ሐሳሲያ ሚን አልሙከሰራት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለእነዚህ ፍሬዎች አለርጂ አለ?» ማለት ነው። ስለ ፉል ሱዳኒም ለይታችሁ ጠይቁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ (እዚህ «ዳርሲን» የሚሉት)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄልና ቁንጥር ጨው በመጥበሻ አፍሉ። 2 ኩባያ ጥሬ አልሞንድ ጨምራችሁ በመካከለኛ እሳት ሳታቋርጡ አማስሉ። ውሃው ሲያልቅ ስኳሩ ነጭ አሸዋ ይመስላል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። እሳቱን ቀንሳችሁ ማማሰል ቀጥሉ። ስኳሩ ቀልጦ ቡናማ ሲሆንና ሲያብረቀርቅ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ በትኑት።

የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውሃ የበለጠ ያቃጥላል፤ በጣት አትንኩት፣ ሳይቀዘቅዝ አትቅመሱት። ካቃጠላችሁ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት እንጂ በረዶ ወይም የጥርስ ሳሙና አታድርጉበት። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉውን ፍሬ አትስጡ፤ ሊያንቀው ይችላል።

መጥበሻው ላይ የደረቀውን ስኳር ውሃ አፍሉበት፤ በራሱ ይለቃል። ማዳም ከፈቀደች ለራሳችሁም አንድ እፍኝ አስቀሩ፤ ጥሩ የቡና ቁርስ ይወጣዋል።