ቦሎ፣ ጭስ እና የኩንታል ዋጋ፦ የመኪና ምርመራ ሲጠብቅ ገበያችን ምን ይሆናል?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ ቡናም ስለ በቆሎም አይደለም፣ ስለ መኪና ነው። «ቦሎ ላይ ጭስ ይለካል የሚባለው ነገር የጭነት ዋጋ ያስወድዳል ወይ?» የሚል ነው። አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ለተወሰነ ጊዜ ያስወድዳል። ግን በሁሉም ምርት ላይ እኩል አይደለም፤ ጉዳቱም ሁሉም ሰው ላይ እኩል አያርፍም። ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ሕጉ

ዓመታዊ ምርመራ አዲስ ነገር አይደለም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ለመንገድ ብቁ መሆኑ እንዲረጋገጥ ያዛል። እኛ ክላውዶ የምንለው ይሄንን ነው፤ ቦሎው ደግሞ ማለፉን የሚያሳየው መስታወት ላይ የሚለጠፈው ምልክት ነው። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 799/2005 መጣ፤ የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይችልም አለ። በካይ ነገርን በተመለከተም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከሁለቱም በፊት የወጣ ነው።

ታዲያ ምንድን ነው የተለወጠው? ለረጅም ጊዜ ምርመራ ሲባል በዋናነት የሚታየው ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ መብራትና ፍሬቻ ነበር። ጭስ በዓይን ታይቶ «ይሄ በዛ» ይባላል እንጂ ብዙ ጊዜ በቁጥር አይወጣም ነበር። አሁን ነገሩ ጭስን በመሣሪያ ለክቶ በቁጥር ወደ ማሳለፍና መጣል እየሄደ ነው። በዓይን የታየ ነገር ያከራክራል፤ በመሣሪያ የወጣ ቁጥር ግን ያልፋል ወይም ይወድቃል፣ መሃል የለውም።

ይሄ ብቻውን የመጣ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ አሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። እነዚህ በበር የሚገባውን ነው የሚከለክሉት። ቀድሞ ገብቶ ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና የሚያገኘው ግን ቦሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ጫናው ወደ ምርመራ ጣቢያው መምጣቱ የማይቀር ነበር።

ጭስ እንዴት ይለካል?

የናፍጣ መኪና ላይ የሚለካው የጭሱ ጥቁረት ነው። መሣሪያው በጭሱ ውስጥ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጭሱ ምን ያህሉን ብርሃን እንደዋጠ ይለካል። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ነዳጅ ባንዴ እስከ መጨረሻው ይረገጣል፤ ይሄ ጥቂት ጊዜ ይደገምና አማካዩ ይወሰዳል። ቤንዚን መኪና ላይ ደግሞ የሚታየው በዋናነት የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠንና ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና በየዓመቱ ይመረመራል። ቱርቦ ለሌለው የቆየ ናፍጣ ሞተር ገደቡ 2.5፣ ቱርቦ ላለው 3.0፣ ለአዳዲሶቹ 1.5 ነው፤ ቁጥሩ በአንድ ሜትር ጭስ ውስጥ የሚዋጥ ብርሃንን ይለካል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፦ እነሱ እንኳ አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ገደብ አይለኩም። የእኛም አለካክ እንዲህ የመኪናውን ዕድሜና ዓይነት ቢለይ ገበያው ሳይደነግጥ ይለምደዋል። በአንድ ቀን ሁሉንም በአንድ ገደብ ቢመታ ግን መኪና ይጠፋል።

ባለመኪኖች ደግሞ ይሄን ልብ በሉ። ጥቁር ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ነዳጅ ማለት ነው፤ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፣ ያረጀ ኖዝል ወይም ከልክ በላይ የተከፈተ የናፍጣ ፖምፕ ያመጣዋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ፋሻ ያለቀ ሞተር ላይ ይበዛል። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ወይም ነዳጁ በደንብ እየተቀጣጠለ እንዳልሆነ ይጠቁማል። ለምርመራ ቀን ብቻ ፖምፑን ቀንሶ ማሳለፍና በማግስቱ መልሶ መክፈት መፍትሔ አይደለም። ነዳጁ እንደገና መባከኑን ይቀጥላል፣ መንገድ ላይ ቁጥጥር ከመጣም ያው ይያዛል።

ብክነቱን በቁጥር እንየው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 35 ሊትር ይበላል ብንል አንድ ጉዞ 192 ሊትር ያህል ነው። ከዚህ አምስት በመቶው በጭስ ከወጣ በደርሶ መልስ 19 ሊትር ናፍጣ አየር ላይ ተበተነ ማለት ነው። በወር አራት ጊዜ ቢመላለስ 76 ሊትር። ይሄንን ገንዘብ ማንም አይመልስላችሁም።

የጭነት ዋጋ ለምን ይነቃነቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አካባቢ 20 መኪና ቢኖርና 3ቱ ምርመራ ወድቀው ጋራዥ ቢገቡ ዋጋው የሚጨምረው በዚያው ልክ ብቻ አይደለም። የቀሩት 17 መኪኖች ጭነት መምረጥ ይጀምራሉ፤ ምርት ያለው ሰው ደግሞ መጠበቅ አይችልም። በዚያ ላይ ባለመኪና ሁሉ የመጨረሻውን ሳምንት ስለሚጠብቅ ሰልፉ ባንዴ ይከመራል። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ ኖዝልም ፋሻም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ አሮጌ ሞተር ማደስ ከባድ ወጪ ሆኗል። ያ ወጪ ዞሮ ዞሮ ኪራይ ላይ ይመጣል።

አሁን ስሌት እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የወሰድኳቸው እንጂ የዛሬ ዋጋ አይደሉም። ኪራይ በኩንታል ከ300 ብር ወደ 360 ብር ወጣ እንበል፣ 60 ብር ጨመረ።

በቆሎ በኩንታል 4,000 ብር ቢሆን፦ 60 ብር 1.5 በመቶ ነው።
ጤፍ 12,000 ብር ቢሆን፦ 0.5 በመቶ ነው።
ቡና 60,000 ብር ቢሆን፦ 0.1 በመቶ ነው።

አያችሁት? አንድ ዓይነት ጭማሪ ቡና ላይ አይታይም፣ በቆሎ ላይ ግን ትርፍ ይበላል። በኩንታል 120 ብር ለማትረፍ የገዛ የበቆሎ ነጋዴ ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

ነጋዴው ግን ብዙም ሳይቆይ ዋጋውን ያስተካክላል። የት? ከላይ አይችልም። የአዲስ አበባ ገዢ በቆሎ ከነቀምትም ከጅማም ያገኛል፤ ነቀምት 330፣ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናቸው፣ እኛ 550። ምርመራው አገር አቀፍ ቢሆንም ኪራይ በኪሎ ሜትር ሲጨምር የበለጠ የሚጎዳው ሩቅ ያለ ነው። ስለዚህ ቅናሹ ወደ ታች ይወርዳል፤ መራዊና ቡሬ ያለ ገበሬ ማሳው ላይ የሚቀበለው ዋጋ ይቀንሳል። ገበሬው ቦሎ የሚባል ነገር ሳያይ የቦሎውን ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ይሆናል። ዩኒየኖች ይሄንን ነጥብ አጥብቃችሁ ያዙ።

ቡና ላይስ?

ቡና ላይ ኪራይ ትንሽ ነው፤ ትልቁ ነገር ጊዜና ሽታ ነው። ቡና ሽታ ይስባል። ማርሚታው የተቀደደ ወይም ናፍጣ የሚያንጠባጥብ መኪና ላይ ሸራ ተሸፍኖ ሁለት ቀን የሄደ ጆንያ ቅምሻ ላይ ይታወቃል። ጥሩ ደረጃ ያለው ቡና በስኒው የተነሳ ደረጃው ከወረደ የጠፋው 60 ብር ሳይሆን ሺዎች ነው። ስለዚህ ላኪ የሆናችሁ የጭስ ምርመራን እንደ መንግሥት ቁጥጥር ብቻ አትዩት። ጭሱ የተስተካከለ መኪና ለቡናችሁም ጥሩ መኪና ነው። መኪና ጋራዥ ገብቶ የመርከብ ቀን ካመለጣችሁ ደግሞ ከገዢው ጋር ያለው ጣጣ ሌላ ነው።

ምን እናድርግ?

1. መኪና ስትይዙ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን ከነቀኑ እዩ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቦሎው ሳምንት የቀረው መኪና ላይ ረጅም ጉዞ አትጫኑ።

2. የሦስተኛ ወገን መድን የእናንተን ጭነት አይሸፍንም። የጭነት መድን ካላችሁ ውሉን አንብቡ፤ መኪናው ለመንገድ ብቁ መሆን አለበት የሚል ሁኔታ ካለ፣ ቦሎ በሌለው መኪና የጫነ ሰው ካሣ ሲጠይቅ ይቸገራል።

3. ከባለመኪና ጋር ስትዋዋሉ መኪናው በምርመራ ወይም በቁጥጥር ምክንያት ቢቆም ምትክ የሚያቀርበውና ወጪውን የሚችለው ማን እንደሆነ ይጻፍ። በቃል የተባለ ነገር ዓባይ በረሃ ላይ አይሠራም።

4. ዩኒየኖች ከመኸር በፊት ከባለመኪኖች ጋር ቁጭ በሉ። ለመሠረታዊ ማኅበራቱ የሚሠሩት መኪኖች ምርት ከመውጣቱ በፊት ተመርምረው ይለፉ። ለኖዝል ማሠሪያ ከኪራይ ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ መስጠት ኅዳር ላይ መኪና ከመለመን ይረክሳል።

5. ባለመኪኖች፦ የገደቡን ቁጥር ከምርመራ ጣቢያው በጽሑፍ ጠይቁ። ከወደቃችሁም የወጣውን ውጤት ተቀበሉና ለመካኒኩ ስጡት። ፊልትሮ አስቀይራችሁ፣ ሞተሩን አሙቃችሁ ግቡ።

የእኔ አቋም፦ ምርመራው ይጠብቅ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ፍሬኑ ያልታየ ተሳቢ ከኋላው እንዲመጣ አይፈልግም፤ ጭሱንም የሚተነፍሱት የእኛው ልጆች ናቸው። ግን ገደቡ አስቀድሞ ይነገር፣ በደረጃ ይተግበር፣ መኸርና ምርመራ በአንድ ወር አይጋጩ። እንዲህ ካልሆነ ሒሳቡ ያው ማሳው ላይ ነው የሚወራረደው።

እናንተ አካባቢ በዚህ ምክንያት የቆሙ መኪኖች ካሉና ኪራይ ምን ያህል እንደጨመረ ካወቃችሁ፣ ከየት ወደ የት እንደሆነና በኩንታል ስንት እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩልኝ። ሰብስቤ ለሁላችንም እለጥፈዋለሁ።

መልካም ገበያ፣ ከሰባታሚት።