ተራራ መውጣትና የሰማይ ጠባይ

አንባቢ ሆይ፤ ከጎንደር ተነሥተህ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ አዘዞንና ጠዳን ካለፍህ በኋላ ማክሰኝት ትደርሳለህ። አውቶቡሱ ጥቂት ይቆማል፤ አንተም ሻይህን ጠጥተህ መንገድህን ትቀጥላለህ። ከከተማው በላይ የተዘረጋውን ሸንተረር ቀና ብለህ ማየትህን ግን እጠራጠራለሁ። አልፈርድብህም፤ እኔ ራሴ ለማስተማር ወደዚህ ከመጣሁ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ያየሁት በክፍሌ መስኮት በኩል ብቻ ነበር። ተራራ መውጣት የእረኛና የፈረንጅ ሥራ ነው የሚል አሳብ በተማርነው ዘንድ ሥር ሰዷልና፣ እግራችን ከቢሮ እስከ ሻይ ቤት ካደረሰን ይበቃናል።

የጉማራን ወንዝ ሽቅብ የተከተለ ሰው ግን በከተማው አጠገብ 1900 ሜትር ገደማ ከሆነው ከፍታ ተነሥቶ በግማሽ ቀን ወደ 2800 ሜትር ይቀርባል። ጤፍና ሽንብራ የሚዘራበትን ወይና ደጋ ጥሎ ገብስና ባቄላ ወዳለበት ደጋ ይገባል። ከዚያም በላይ ማሳው ያልቅና ቋጥኙ ይጀምራል፤ መራመድ ቀርቶ በእጅና በእግር መቧጠጥ ይመጣል። ደስታውም አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ተማሪዎች አስከትዬ ወጣሁ። ለመነሣት ያሰብነው በ12 ሰዓት ነበር፤ ዳቦ የሚያመጣው ልጅ ስላረፈደ ግን 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። (ተማሪ ይዤ በሰዓቱ የተነሣሁበት ጉዞ እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረኝም።) ሰማዩ ጠርቶ ስለ ነበር ለዝናብ የሚሆን ልብስ የያዘ አንድም ሰው አልተገኘም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከሸንተረሩ ላይ ደረስን። የቀረችን ሠላሳ ሜትር የምትሆን አንዲት የአለት ጉብታ ብቻ ነበረች፤ ልጆቹም እሷ ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ለመነሣት ቋመጡ።

በዚህ ጊዜ ገሳ የደረበ አንድ እረኛ ከብቶቹን ቁልቁል እየነዳ ተገናኘን። ቆም ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ወዴት ነው? ከብቱ እንኳ ወረደ እኮ» አለኝ። በጣና በኩል ነጭ ዳመና ተቆልሎ ነበር፤ እኔም አይቼዋለሁ። ነገር ግን በተማሪዎቼ ፊት የእረኛ ምክር ሰምቼ መመለሱ አሳፈረኝና፣ «ግድ የለም፣ አይደርስብንም» ብዬ መለስሁለት። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ደረሰብን።

ነገሩ ምሥጢር የለውም፤ በጂኦግራፊ ክፍል ራሴ የማስተምረው ነው። ፀሓይ ከጧት ጀምራ የደምቢያን ሜዳ ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር የሐይቁን እርጥበት ይዞ ተራራውን ታክኮ ይወጣል፤ በወጣ መጠንም ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ ዳመና ይሆናል። ስለዚህ በክረምት መግቢያ ጧት ብሩህ የነበረው ሸንተረር ከቀትር በኋላ ይጠቁራል። ይኸን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ፈተና አውጥቼበታለሁ። እረኛው ግን ሳይማረው አለፈ፤ እኔ ወደቅሁ።

መጀመሪያ ጉም መጣ፤ ዐሥር እርምጃ ላይ ያለውን ልጅ ማየት አቃተን። ቀጥሎ በረዶ ወረደ። ጧት እግር ይይዝ የነበረው አለት ሳሙና ሆነ። በቋጥኝ ላይ ሁለት እጅህንና ሁለት እግርህን አራት አድርገህ ቁጠር፤ ሦስቱ ሳይጸኑ አራተኛው ከቦታው አይነሣም። ከልጆቹ አንዱ በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ሲል ሁለቱም እግሮቹ ከዱት። አምስት ሜትር ያህል ተንሸራትቶ ቁጥቋጦ ላይ ቀረ። ከቁጥቋጦው በታች ገደል ነበር። ከጉልበቱ መላጥ በቀር የደረሰበት የለም፤ እኔ ግን ያን ቁጥቋጦ እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ።

ከዚያ በኋላ መብረቁ ጀመረ። ብልጭታውን ካየህ እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ሰከንድ ቁጠር፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ከጮኸ ወትሮም ከጫፉ መውረድ ነበረብህ። እኛ ስንቆጥር ስድስት ላይ ጮኸ። ልጆቹ አንዲት ብቻዋን የቆመች ዛፍ ሥር ሊጠለሉ ሮጡ፤ መብረቅ የሚወደው ይኸንኑ ነውና እየጮኽሁ መለስኋቸው፤ ተራርቀን ወረድን። ታች ስንደርስ ፀሓይ ወጥታ ነበር፤ ነገር ግን በላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ጧት በድንጋይ ላይ የተሻገርናትን ጅረት ሞልቷታል። እስክትጎድል እስከ 11 ሰዓት ቁጭ ብለን በብርድ ተንቀጠቀጥን። ማታ የልጁን እናት ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድሁ፤ «መምህር፣ ልጄን የሰጠሁዎት ለትምህርት ነበር» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ይኸ በ2800 ሜትር ነው። የአገሩ ሰላም ሲፈቅድ ወደ ስሜን ለመሄድ የምታስብ ከሆነ፣ በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ አስብ። ማክሰኝት ላይ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን ከ4500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ደጀን ላይ ዘጠኝ ገደማ ይሆናል፤ ነፋሱና የረጠበ ልብስ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። የምትተነፍሰው አየርም በባሕር ጠረፍ ካለው ግማሽ ከፍ የሚል ብቻ ስለሆነ፣ ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ሰው መውረድ እንጂ መበርታት አይፈወሰውም። ፌሬና ጋሊኒዬ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 ከራስ ደጀን ጫፍ መድረሳቸው በመጽሐፍ ተጽፏል፤ ከእነሱ በፊት ስንት እረኛ እንደ ወጣ ግን የጻፈ የለም። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ እዚያ መሪና ጠባቂ ይዞ መሄድ ደንብ ነው። መሪው «እንመለስ» ሲልህ እንደ እኔ አትከራከር።

ወደ ሸንተረራችን የተመለስነው በጥቅምት መጨረሻ ነው። የልጁን እናት አስፈቀድሁ፤ እሳቸውም ጋቢ ጨምረው ሰጡት። በ11 ሰዓት ተኩል በጨለማ ተነሣን፤ ዳቦው ከማታው እኔ ቤት አድሯል። አራት ሰዓት ላይ ጉብታዋ ላይ ነበርን። ጣና በሩቁ እንደ ቆርቆሮ ያበራል። ፎቶግራፉን ያነሣው ጉልበቱ የተላጠው ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ። ያ እረኛ ከብቶቹን ይዞ እዚያው አካባቢ ስለ ነበር ዳቦውን አብረን ቆረስን። «ዛሬስ መቼ ትወርዳላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ከብቱ ሲወርድ» አልሁት።

«ዛሬማ ከብቱ እስከ ማታ አይወርድም» ብሎ ሳቀብኝ።